ማግኔቱን እንጠብቅ ወይስ ኬሞውን እንጀምር?

ለዚህ ሳምንት ካዘጋጀኋቸው ደብዳቤዎች መሀል አንዱ ቀን የማይሰጥ ሆኖ ስላገኘሁት ሌሎቹን ለሚቀጥለው አሳድሬያቸዋለሁ። የፍቅር ጥያቄ የላካችሁ ወዳጆቼ አትቀየሙኝ፤ ፍቅር አንድ ሳምንት ይታገሳል። የዛሬዋ ጠያቂያችን የ24 ዓመት ወጣት ናት። ደብዳቤዋን አሳጥሬ፣ ማንነቷን የሚያሳውቀውን ሁሉ አውጥቼ እንደሚከተለው አቅርቤዋለሁ።

«የመጨረሻው ወንድማችን 17 ዓመቱ ነው። ኳስ ነፍሱ ነው፤ ለሰፈር ቡድን ተከላካይ ሆኖ ይጫወታል። ከአምስት ወር በፊት ቀኝ ጉልበቱን ያመው ጀመር። ተመትቶ ነው ብለን ወጌሻ ዘንድ ወሰድነው፤ ሁለት ጊዜ ታሸ። እብጠቱ ግን ጨመረ፤ ሌሊት ሌሊት ህመሙ አላስተኛ አለው። ሆስፒታል ሄደን ናሙና ከተወሰደ በኋላ የአጥንት ካንሰር ነው፣ ስሙም ኦስቲዮሳርኮማ ይባላል አሉን። ሳንባው ተነስቶ ለጊዜው ምንም አልታየበትም። ሐኪሞቹ መጀመሪያ ኬሞቴራፒ ይወስዳል፣ ከዚያ ኦፕራሲዮን ይሆናል፣ እግሩ ሊቆረጥም ይችላል ብለውናል። እናቴ ይህን ስትሰማ ራሷን ሳተች።

«በዚህ መሀል ጀርመን አገር ያለው አጎታችን በቴሌግራም ቪዲዮ ላከልን። በዓይን የማይታይ የማግኔት ዱቄት ዕጢው ውስጥ ተወግቶ ካንሰሩን ያቃጥላል፣ አጥንቱንም መልሶ ይሠራል ይላል። እናቴ ‹ልጄን አላስቆርጥም፣ መርዝም አላስወጋውም፣ ይህንን እንጠብቃለን› ብላ ወስናለች። ዘመድ አዝማድ ገንዘብ እያዋጣ ነው። ኬሞው ሊጀመር ከነበረበት ቀን ሦስት ሳምንት አልፏል። አንድ የሰፈራችን ሰው ደግሞ ‹እስከዚያው ይህ ይያዝለት› ብሎ የማግኔት ማሰሪያ ሸጦልን ጉልበቱ ላይ አስረንለታል። ወንድሜ የበሽታውን ስም አያውቅም፤ እብጠት ነው ተብሏል። ምን ይሻለናል?»

እህቴ፣ ነገሩን ሳላንዛዛ ልንገርሽ፤ አትጠብቁ። ኬሞው ይጀመር። የቀረውን ሁሉ የምጽፈው ይህን ቃል እናትሽ ፊት ይዘሽ ስትቀርቢ ባዶ እጅሽን እንዳትሆኚ ነው።

እኔ ሐኪም አይደለሁም። ትምህርቴም አሥራ ሁለተኛ ክፍል ላይ ያበቃ ነው፤ ፊዚክስም ቢሆን እንዲህ የሚያኮራ ውጤት አልነበረኝም። ስለዚህ ከዚህ በታች ያለው ታትመው ከወጡ ጥናቶች የተለቀመ እንጂ ከራሴ ያመነጨሁት አይደለም። ጉልበቱን አይቶ መድኃኒት የሚያዘው የእናንተው ሐኪም ነው።

በመጀመሪያ ለአጎትሽ ፍትሕ ይሰጠው። ሰውየው አልዋሸም። የማግኔት ዱቄት የሚባለው ነገር በእርግጥ አለ። ሐሳቡም የትናንት አይደለም፤ እ.ኤ.አ. በ1957 ጊልክሪስት የተባለ አሜሪካዊ ሐኪም ከባልደረቦቹ ጋር ሆኖ ደቃቅ የብረት ኦክሳይድ ቅንጣቶችን በሊምፍ ዕጢ ውስጥ አስገብቶ ከውጭ በማግኔት ኃይል ማሞቅ እንደሚቻል ጽፏል። የብረት ኦክሳይድ ማለት እንግዲህ የዝገት ዘመድ ነው። ዱቄቱ የሚለካው በናኖ ሜትር ነው። በርሊን ላይ የተሠራበት ዱቄት አንዱ ቅንጣት መሀሉ 12 ናኖ ሜትር ያህል ነው፤ አንዲት ቀይ የደም ሴል ላይ በአንድ መስመር ብትደረድሪው ከ500 በላይ ይሰለፋል። ከፈሳሽ ጋር ተደባልቆ በመርፌ ዕጢው ውስጥ ይገባል።

አሠራሩ እንዴት መሰለሽ? ኢንዳክሽን ምድጃ የምታውቂ ከሆነ ግማሹን ገብቶሻል። ምድጃው ራሱ አይነድም፤ እጅሽን ብታስቀምጪበት አያቃጥልሽም፤ ብረት ድስት ሲጣድበት ግን ድስቱ ይግላል። ምክንያቱም ከሥሩ ያለው የማግኔት ኃይል አቅጣጫውን በሰከንድ በሺዎች የሚቆጠር ጊዜ ይቀያይራል። የበርሊኑም ማሽን እንዲሁ ነው፤ በሰከንድ 100,000 ጊዜ ያህል ወዲያና ወዲህ ይላል። ቅንጣቶቹ ያንን እየተከተሉ ሲገለባበጡ ይሞቃሉ፤ ብረት የሌለበት ጤነኛ ሥጋ ግን ብዙም አይነካውም። ሰውነታችን 37 ዲግሪ ላይ ይኖራል። ዕጢውን ወደ 42 እና 43 ዲግሪ ከፍ ካደረጉት የካንሰር ሴል ይደክማል፤ በጨረርና በኬሞ የደረሰበትን ጉዳት መጠገን ያቅተዋል።

እዚህ ላይ ቆም በይና «በጨረርና በኬሞ» የምትለዋን ደግመሽ አንብቢያት። በቪዲዮው ላይ ይህቺ ነገር ሳትነገር የቀረች ይመስለኛል። ሙቀቱ ለሌላው ሕክምና አጋዥ ነው። በርሊን ውስጥ ተሠርቶ እ.ኤ.አ. በ2011 በታተመው ጥናት 59 የሚሆኑ፣ የአንጎል ካንሰር ተመልሶ ያገረሸባቸው ሰዎች ዱቄቱ በራስ ቅላቸው በኩል ተወግቶላቸው ስድስት ጊዜ እየተመላለሱ አንድ አንድ ሰዓት ተሞቁ። ሁሉም ጨረርም አብረው ይወስዱ ነበር። ማሽኑ አካባቢ ሌላ ብረት መኖር ስለማይፈቀድ ጥርሳቸው የተሞላበትን ብረት ሳይቀር ማስወጣት ነበረባቸው። በሽታው ካገረሸበት ቀን ጀምሮ ግማሾቹ ከ13 ወር ትንሽ ከፍ ላለ ጊዜ በሕይወት ቆዩ። ለዚያ ክፉ በሽታ ይህ ተስፋ የሚሰጥ ቁጥር ነበር፤ ነገር ግን በዚያው ጥናት ውስጥ ያለ ዱቄት የታከመ ማነጻጸሪያ ቡድን አልነበረም። ሕክምናው በአውሮፓ ፈቃድ ያገኘው እ.ኤ.አ. በ2010 ሲሆን ፈቃዱም ለአንጎል ዕጢ ነው። ዱቄቱን ያወጣው የጀርመን ኩባንያ ማግፎርስ ደግሞ እ.ኤ.አ. በ2022 ለኪሳራ ዳኝነት አመለከተ። አጎትሽ የላከው ቪዲዮ መቼ የተቀረጸ እንደሆነ ጠይቂው።

«ታዲያ አጥንቱ የታለ?» ትዪኝ ይሆናል። እሱም አለ፤ ወደ ጃፓን መሄድ ነው። የኪዮቶ ተመራማሪዎች በ1990ዎቹ መጀመሪያ የጥንቸል እግር አጥንት ውስጥ ዕጢ አብቅለው ማግኔትነት ባለው ሴራሚክ ሞሉትና አሞቁት። ከዚያ የሚዬ ዩኒቨርሲቲ ሐኪሞች ወደ ሰው አመጡት። ለአጥንት መሙያ የሚያገለግል ካልሲየም ፎስፌት የሚባል ሲሚንቶ አለ፤ ማግኔታይት የተባለውን የብረት ዱቄት ከዚህ ሲሚንቶ ጋር አቦክተው ካንሰር በበላው የአጥንት ክፍተት ውስጥ ሞሉ፤ አጥንቱ እንዳይሰበር በብረት ደገፉት፤ ቁስሉ ሲረጋ ከውጭ አሞቁት። እ.ኤ.አ. በ2007 ያሳተሙት ውጤት 15 ሰዎችን የሚመለከት ነው፤ በብዙዎቹ ላይ በሽታው ባለበት ሲቆም፣ በአንዳንዶቹም አዲስ አጥንት ሲታይ ተመዝግቧል። የሚያስደስት ነው። ዳሩ ግን የእነዚህ ሰዎች ካንሰር ከሌላ የሰውነት ክፍል ተነስቶ ወደ አጥንት የተዛመተ ነበር። የተፈለገውም ህመማቸው ቀንሶ፣ አጥንታቸው ሳይሰበር በእግራቸው እንዲሄዱ ነው። የወንድምሽ ካንሰር ከራሱ ከአጥንቱ የተነሣ፣ የለጋ ዕድሜ በሽታ ነው። ሁለቱም አጥንት ላይ ስለተገኙ አንድ አይደሉም።

ጣሊያኖችም ፋዬንዛ በምትባል ከተማ አጥንታችን የተሠራበትን ማዕድን ወስደው ብረት ቀላቅለውበት ራሱ ማዕድኑ ማግኔት እንዲሆን አድርገዋል። ምኞቱ ምን መሰለሽ፦ ዕጢው ከወጣ በኋላ ባዶውን ቦታ በዚህ መሙላት። ለሕንፃ ሥራ ባሕር ዛፍ እየተከሉ መወጣጫ እንደሚሠሩት፣ አዲሱ አጥንት እየተንጠላጠለበት ያድጋል፤ ተርፎ የተደበቀ የካንሰር ሴል ካለ ደግሞ መወጣጫውን ራሱን ማሞቅ ነው። አንድ ነገር ካንሰሩንም ይገድላል፣ አጥንቱንም ይጠግናል ማለት ነው። ቪዲዮው «አጥንቱን መልሶ ይሠራል» ያለው ይህን ነው፤ ሥራው ግን በአብዛኛው ገና ላቦራቶሪ ውስጥና በእንስሳት ላይ ነው።

ለምን ዘገየ? ብዙ ምክንያት አለው፤ እኔን ከሁሉ የገረመኝን ልንገርሽ። እ.ኤ.አ. በ1983 ስዊድናውያን ተመራማሪዎች የጥንቸል አጥንት ምን ያህል ሙቀት እንደሚችል ለኩ። 47 ዲግሪ ለአንድ ደቂቃ ብቻ ሲያገኘው አጥንቱ እንደሚጎዳ አዩ። እንግዲህ ካንሰሩን ለማዳከም 43 ያስፈልጋል፤ 47 ሲደርስ ደግሞ እንዲያድግ የተፈለገው አጥንት ራሱ ይጎዳል። በመሀል ያለው አራት ዲግሪ ነው! ሻይ ሲበርድና ሲሞቅ እንኳ ከዚህ የበለጠ ልዩነት አለው። በዚያች ጠባብ መንገድ ላይ፣ ጥልቅ ሥጋ ውስጥ ያለ ዕጢ፣ ዳሩም መሀሉም እኩል ሳይንቀጠቀጥ እንዲሞቅ ማድረግ ነው ጭንቁ። አንዱ ጥግ ዱቄት ሳይደርሰው ከቀረ ካንሰሩ እዚያ ይተርፋል።

«በመርፌ ዕጢው ላይ ከመውጋት በደም ሥር ቢሰጥና ራሱ ፈልጎ ቢያገኘውስ?» የሚልም አለ። የካናዳ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2016 የአሥር ዓመት ጥናቶችን ሰብስበው ሲያሰሉ፣ በደም ሥር ከተሰጠው ናኖ ቅንጣት ዕጢው ጋ የሚደርሰው በመካከለኛ ግምት 0.7 በመቶ ሆኖ አገኙት። መቶ ብር ልከሽ 70 ሳንቲም ደረሰ እንደማለት ነው። የቀረውን አብዛኛውን ጉበትና ጣፊያ ይለቅሙታል።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልምጣ፤ እናትሽም ይህን ነው መስማት ያለባቸው።

ኦስቲዮሳርኮማ የሚገድለው ጉልበት ላይ ሆኖ አይደለም። በጉልበት እብጠት የሚሞት ሰው የለም። ይህ በሽታ ገና ሲታወቅ፣ በአብዛኛው ሰው ላይ፣ በራጅም በሲቲ ስካንም የማይታዩ ዘሮቹን ወደ ሳንባ ልኳል። ድሮ ኬሞ ሳይኖር ሐኪሞች እግር ይቆርጡ ነበር፤ ልጁ በአንድ እግሩ ወደ ቤቱ ይመለሳል፤ ከዚያ ሳንባው ላይ ብቅ ይላል። እ.ኤ.አ. በ1986 በአሜሪካ የታተመ ጥናት ይህን በግልጽ አሳየ። ኦፕራሲዮን ከተደረጉት መሀል ኬሞ ያልወሰዱት ሁለት ዓመት ሳያገረሽባቸው የቆዩት 17 በመቶ ብቻ ሲሆኑ፣ ኬሞ የወሰዱት ግን 66 በመቶ ነበሩ። ዛሬ ሕክምናው በተሟላበት አገር፣ በሽታው ወደ ሌላ ቦታ መዛመቱ ሳይታይ ከተደረሰባቸው ውስጥ ከመቶ ከ60 እስከ 70 የሚሆኑት አምስት ዓመትና ከዚያ በላይ ይኖራሉ። እኛ ዘንድ የሚከብደው አንዱ ምክንያት ሰው ዘግይቶ መምጣቱ ነው።

እንግዲህ አስቢው። ማግኔቱ የሰማይ ተአምር ሆኖ፣ ነገ ጠዋት ቦሌ ላይ ቢያርፍና የወንድምሽን ጉልበት አንድ ሴል ሳያስቀር ቢያጸዳው፣ ሳንባውን አይነካውም። የተወጋበትን ቦታ ብቻ ነው የሚያሞቀው። ደም ተከትሎ ሳንባም ሌላም ዘንድ የሚደርሰው ያ እናትሽ «መርዝ» ያሉት ኬሞ ነው። መርዝ መሆኑንም አልክድም። ያስመልሳል፣ ፀጉር ይነቅላል፣ ደም ያሳንሳል፤ ከመድኃኒቶቹ አንዱ ዶክሶሩቢሲን ልብን፣ ሌላው ሲስፕላቲን ኩላሊትንና ጆሮን ሊጎዳ ስለሚችል ክትትል ይፈልጋል። ቢሆንም በሁለት ዓመት ውስጥ ከ17 ወደ 66 ያሻገረው እሱ ነው።

ስለ መቆረጡም አንድ ነገር ልጨምር። ሐኪሞቹ «ሊቆረጥ ይችላል» አሉ እንጂ «ይቆረጣል» አላሉም። ኬሞው አስቀድሞ የሚሰጠው ለዚህም ጭምር ነው፤ ዕጢው ከጠነከረና ከተሰበሰበ፣ ዋናው የደም ሥርና ነርቭ ካልተያዘ፣ በአንዳንዱ ሰው ላይ ዕጢው ያለበት አጥንት ብቻ ወጥቶ እግሩ ይተርፋል። እየጠበቃችሁ በሄዳችሁ ቁጥር ዕጢው ወደ ደም ሥሩ ይጠጋል። ስለዚህ እናትሽ እግሩን ለማትረፍ ብለው የሚጠብቁት እያንዳንዱ ሳምንት እግሩን ሊያስቆርጥ የሚችል ሳምንት ነው። ይህን ስትነግሪያቸው ብቻሽን አትሁኚ፤ የሚያከብሩትን ሰው፣ የንስሐ አባትም ይሁኑ ታላቅ ወንድም፣ ይዘሽ ግቢ። ክስ እንዳይመስልባቸው። የመጣው ተስፋ ጥሩ መስሎ ስለታያቸው ነው፤ እናት ናቸው።

ማሰሪያውን ግን ፍቱት። በአንድ ቃል ማታለል ነው። አንደኛ፣ ማሰሪያው ላይ ያለው ማግኔት ቆሞ የሚቀር እንጂ አቅጣጫ የሚቀያይር አይደለም፤ የማይቀያየር ማግኔት ሙቀት አይፈጥርም፤ ፍሪጅ በር ላይ የተለጠፈ ማግኔት ወተት አያፈላም። ሁለተኛ፣ ወንድምሽ ጉልበት ውስጥ የተወጋ ዱቄት ስለሌለ የሚሞቅ ነገርም የለም። «ደም ውስጥ ብረት አለ አይደል?» ብሎ የሚከራከርሽ ይኖራል። ደም ውስጥ ያለው ብረት እንደ ምስማር በማግኔት አይሳብም። ቢሳብ ኖሮ፣ ኤም አር አይ ማሽን ውስጥ የሚገባ ሰው ሁሉ፣ ማሽኑ ከማሰሪያው ብዙ እጥፍ የሚበልጥ ማግኔት ነውና፣ ደሙ ወደ አንድ ጎን ተጠራቅሞ ይወጣ ነበር። ሻጩን ገንዘባችሁን ይመልስ ዘንድ ጠይቁት። እምቢ ካለ ሌላው ጎረቤት እንዳይገዛ መንገር አያስከስስም።

ወንድምሽ የበሽታውን ስም አለማወቁ ደግሞ አልተዋጠልኝም። ሕመምተኛን አለማስደንገጥ የቆየ ልማዳችን ነው፤ ለሽማግሌ አባት ተብሎ የሚደረገውን እኔም አይቻለሁ። ግን የ17 ዓመት ልጅ ስልክ አለው። ኬሞ ክፍል ሲገባ ግድግዳው ላይ የተጻፈውን ያነባል፤ ጎኑ ያለው ታካሚ ይነግረዋል። ወራት በሚፈጅ ከባድ ሕክምና ውስጥ ለምን እንደገባ የማያውቅ ልጅ ሦስተኛው ዙር ላይ «በቃኝ» ቢል ማን ይፈርድበታል? ከሐኪሙ ጋር ተነጋግራችሁ፣ ሐኪሙ ባለበት ንገሩት። ኳሱንም አንሱለት፤ መጀመሪያ የሚጠይቀው እሱን ነው።

ሌሎቻችሁ አንባቢያን ደግሞ ይህችን ያዙ። ወጌሻን ልንቅ አይደለም፤ ወለምታ አውቆ የሚመልስ ወጌሻ ስንቱን አቁሟል። ነገር ግን ዕድሜው በአሥራዎቹ ያለ ልጅ፣ በተለይ ጉልበቱ አካባቢ ወይም ክንዱ ከትከሻው ሥር፣ ሳይወድቅ ያበጠ፣ ሌሊት የሚቀሰቅስ፣ ከሁለትና ከሦስት ሳምንት በላይ የቆየ ህመም ካለው መታሸት የለበትም። ራጅ ይነሣ። ራጅ ርካሽ ነው፤ ሁለት ሰዓትም አይፈጅም።

ወደ አጎትሽ ልመለስና ልጨርስ። ለመርዳት የሚፈልግ ሰው ነውና ሥራ ስጡት። ክሊኒካል ትራያልስ በሚባለው የአሜሪካ መንግሥት መዝገብ ላይ በዓለም ዙሪያ የሚካሄዱ ብዙ የሙከራ ሕክምናዎች ተመዝግበው ይገኛሉ፤ ለማየት ገንዘብ አያስከፍልም። እዚያ ገብቶ «ኦስቲዮሳርኮማ» ብሎ ይፈልግ፣ ዕድሜው 17 የሆነውን የሚቀበል መኖሩን ይይ፤ ያገኘውንም ለወንድምሽ ሐኪም ይላክለት። ሙከራን ገንዘብ ከፍላችሁ ግቡ የሚል ሰው ከመጣ ግን ተጠንቀቁ። የተዋጣውም ገንዘብ ሥራ አያጣም። ሆስፒታሉ ያጣውን መድኃኒት ከውጭ ፋርማሲ መግዣ፣ የደም ምርመራው፣ የታክሲው፣ የአልጋው፣ ከመድኃኒቱ በኋላ አፉ ቆስሎ ምግብ እምቢ ሲል እናትሽ የሚያበስሉለት አጥሚት… ይህ ሁሉ ገንዘብ ነው።

ሰኞ ጠዋት የቀጠሮ ካርዱን ይዛችሁ ሂዱ። ሦስቱ ሳምንት ለምን እንዳለፈ እውነቱን ንገሯቸው፤ ሐኪም ከዚህ የባሰም ሰምቷል። ሳንባው ድጋሚ መታየት እንዳለበት ጠይቁ። የልብና የጆሮ ምርመራው መቼ እንደሆነም እንደዚሁ። ለጉልበቱ ኤም አር አይ ካዘዙለት ደግሞ ያ ማሰሪያ ቤት ይቅር፤ እዚያ ክፍል ማግኔት ይዞ መግባት ክልክል ነው።